ስድስት ጀሪካንና አንድ ጥይት

ሻንጣዬ ውስጥ አንድ የክብሪት ቀፎ ነበር። ውስጡ ሁለት የተተኮሱ ጥይቶች። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነው።

ባሌ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች ካምፕ ሁለት ወቅት ሾፌር ሆኜ ሠርቻለሁ። የደጋ አጋዘን ሲገደል ቆዳ ገፋፊዎቹ ጥይቱን ከሥጋው ውስጥ ፈልገው ያወጡታል። አዳኙ አጥቦ ይመዝነዋል። ምን ያህል ሰፋ፣ ምን ያህል ጠለቀ፣ ከክብደቱ ስንት ቀረ? መጀመሪያ የሀብታም ዕብደት መስሎኝ ነበር፣ በኋላ እኔም ለከፈኝ። ሁለቱን ለምኜ ወሰድኩ። ሁለቱም 375 ሆላንድ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ይህ ጥይት ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ አውሬ ሲጥል የኖረ ነው። ሲተኮሱ 300 ግሬን ነበሩ፣ በእኛ 19 ግራም ተኩል ገደማ። አንዱ ሙሉ በሙሉ መዳብ ነው፤ ጫፉ አራት ቅጠል አውጥቶ አበባ መስሏል። ሌላው ልቡ እርሳስ፣ ልብሱ መዳብ። እሱ እንኳን የተረገጠ ማስቲካ ነው የሚመስለው።

ጥር 2008 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ አጎቴን ልጠይቅ ጎጃም ስሄድ ላሳያቸው ብዬ ያዝኳቸው። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ።

አባይ በረሃን ወርደን ወጣን። ጆሮዬ ተደፍኖ እያለ ኬላ ላይ ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ቀፎውን ከፍቶ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «ጥይት» አልኩ። የተተኮሰ ማለት ነበረብኝ! ቃሉ ከወጣ በኋላ ማን ይሰማኛል። አርባ ደቂቃ ቆምን፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ አንዱ ለአንዱ ሲያቀባብለኝ ቆይቶ ያዳኑኝ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው። «ክታቡ ነው መሰል፣ ልቀቁት በሞቴ» አሉ። ሳቁና ለቀቁኝ። እናትዬዋ ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ቆሎ ሲያካፍሉኝ ክታብ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት ፔንሲዮን ያኔ 150 ብር ነበር፣ ውሃ አልነበረውም፣ ቁንጫ ግን ነበረው። ሌሊቱን እግሬን ሳክ አነጋሁ። አዲስ አበባ ቤቴ የጎረቤት ውሻ ጮኸ ብዬ የማማርር ሰው ነኝ። ለውሻው ይቅርታ።

ጠዋት አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ጥይቶቹን አስመዘንኩ። መዳቡ 19 ግራም ከምናምን፣ እርሳሱ 11 ከምናምን። መዳቡ ማለት ምንም አልጎደለበትም፣ እርሳሱ ግን እየተበጣጠሰ ግማሹን ሊጨርስ ምንም አልቀረውም። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል «50 ብር» አለኝ። ለሚዛን? «ለሚዛኑ አይደለም፣ ሥራ አስፈትተኸኛል» አለ። ከፈልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አማኑኤል ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። አጎቴ ደጃፍ ላይ ስመው ሳይጨርሱኝ ቀፎውን አወጣሁ። መነጽራቸውን አስመጡና ሁለቱን ጥይቶች መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የእርሳሱን በጥፍራቸው ነካ አድርገው «ይሄ ጎሽ ፊት የሚያስቀብርህ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ አጋዘኑን እኮ እዚያው ነው የጣለው።»

«አጋዘን ሌላ። ጎሽ ትከሻው ግንብ ነው። ጥይትህ ከበር ተበታትኖ ምን ሊሠራልህ?»

እዚህ ላይ የታወቀችው የጎሽ ታሪካቸው መጣች። መተከል የጎጃም በነበረ ጊዜ አንድ ጎሽ በቤልጅግ ጠመንጃቸው ትከሻውን መትተው፣ ጥይቱ ፊት ለፊት በመዝለቅ ፈንታ ወደ ታች ዞሮ ሆዱ ስር ከቆዳው ሥር ተገኘ። «ያ ጫካ ቆሌ ነበረው» ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ግን ካምፕ ሠርቼ መጥቼ ነበርና እንሞክረው አልኩ።

አራት ጥይት ነው የቀራቸው። አንድ ፈቀዱልኝ። ለሚሊሻው ተነገረ፣ ቤልጅጓ ፈቃድ ያላት ናት። ስድስት ቢጫ ጀሪካን ውሃ በአህያ ተቀድቶ ቦረቦሩ ውስጥ ከአፈር ግድግዳው ፊት ተደረደረ። ውሃ ሥጋን ተክቶ ጥይትን ይፈትናል፣ ካምፕ ያየሁት ነው። አጎቴ ሰላሳ እርምጃ ያህል ርቀው ተንበረከኩ። ፀጥ አለ። ከዚያ ጧ!

የፊተኛው ጀሪካን ተተረተረ። ሁለተኛው ላይ የገባበት ቀዳዳ ክብ አይደለም፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ረዘም ያለ ነው። ጥይቱ በጎኑ ተኝቶ ነው የገባው። ሦስተኛውን ከጥግ ቀዶ በጎን ወጥቷል። የቀሩት ሦስቱ ጠብታ አላፈሰሱም። ልጆቹ አፈሩን ቆፍረው ጥይቱን አወጡት፤ ትንሽ ጎብጧል እንጂ ሙሉ ነው። ላገኘው ልጅ 10 ብር ሰጠሁ።

ምክንያቱን ነገርኳቸው። የቤልጅግ ጥይት ጫፉ ሹል ነው፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ነው፣ እርጥብ ነገር ውስጥ ሲገባ ኋላው ልቅደም ይላል፣ ይገለበጣል፣ መንገዱን ይስታል። ለጎሽና ለዝሆን የሚሠራው ድፍን ጥይት አፍንጫው ዶልዷማ ወይም ጠፍጣፋ የሆነው ለዚሁ ነው፣ ቀጥ ብሎ እንዲዘልቅ። አጎቴ ጣታቸውን በረዥሙ ቀዳዳ ሰደው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

«እንግዲህ ውሃም ቆሌ አለው» አሉ።

ይህን ስንባባል ከማዶ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየሮጡ መጡ። «ማን ሞተ?» ወይ ጣጣ! በዚህ አገር በለቅሶም በሰርግም ይተኮሳል፣ እሳቸው ደግሞ ሰርግ እንደሌለ ያውቃሉ። ደግነቱ እንባ ሳይጀምሩ ደረስንባቸው። ጠላ ጠጥተው፣ ጀሪካኖቹን አይተው፣ አጎቴን «አብደሃል» ብለው ሄዱ።

ማታ የአጎቴ ሚስት ሒሳብ አቀረቡ። አንዱ ጀሪካን 70 ብር፣ የተቀደደው ሦስት።

«እትዬ፣ 200 ይሁን።»

«210» አሉ። የተተረተረውን ግን አልጣሉትም፣ ጠዋት ስነሳ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበት ነበር።

አጎቴ የመዳቡን አበባ አስቀርተው የጎበጠውን ሰጡኝ። ስመለስ ኬላው ላይ መልሴን ስለማመድ ደረስኩ፣ «የተተኮሰ፣ የተተኮሰ» እያልኩ። ማንም አልፈተሸኝም።