ኮሌስትሮሌን ሚዛኑ ምን ያህል፣ ሳህኑ ምን ያህል አወረደው?

መጀመሪያ የተሰጠኝ የላብራቶሪ ወረቀት ላይ የነበሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 262፣ ኤልዲኤል ("መጥፎው" የሚባለው ኮሌስትሮል) 178፣ ኤችዲኤል ("ጥሩው" የሚባለው) 38፣ ትራይግሊሰራይድ 230። ሁሉም በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ክብደቴ 91 ኪሎ ነበር። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ኮሌስትሮል ሲበዛ ራስ አያዞርም፣ ደረት አይወጋም፤ ደም ሰጥቶ ካልተመረመሩ በቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅበት መንገድ የለውም። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው "ለጥቂት ወራት በምግብና በክብደት እንሞክረው፤ ካልወረደልዎት ግን መድኃኒቱን አይፍሩት" አሉኝ። አስከትለውም የታይሮይድ፣ የስኳርና የጉበት ምርመራ አዘዙልኝ። የታይሮይዱ ነገር ለጊዜው ግራ አጋብቶኝ ነበር። ለካ የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ መንስኤው እሱ ከሆነ ደግሞ መታከም ያለበት ዕጢው ነው። የእኔ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ሰው ሁሉ "ኮሌስትሮልህ ስንት ነው?" ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። እኔን የረዳኝ ግን አራቱን ቁጥሮች ለያይቶ ማየቱ ነው፤ እያንዳንዱን የሚያንቀሳቅሰው ነገር የተለያየ ነውና። ኤልዲኤል በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ እየተጠራቀመ ቀስ በቀስ የሚያጠበው ነው። ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 160 ሲደርስ ከፍተኛ፣ 190 ሲደርስ ደግሞ በጣም ከፍተኛ ይባላል። ትራይግሊሰራይድ ሰውነት ለጊዜው ያልተጠቀመበት ጉልበት በስብ መልክ በደም ውስጥ ሲዘዋወር ነው፤ ከ150 በታች ከሆነ ደህና ነው። "ጥሩው" የሚባለው ኤችዲኤል ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 ካነሰ ዝቅተኛ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፣ ያሰሉታል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን፣ ከዚያም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። በእኔ ወረቀት 262 ሲቀነስ 38፣ ሲቀነስ 46፣ ይኸው 178። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ሲወጣ ስሌቱ አይታመንም። ብዙ ቦታ ምግብ ሳይበሉ ይምጡ የሚባለውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፤ ትራይግሊሰራይድ በበሉ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጨምር ስሌቱን ያዛባዋል።

የጀመርኩት በክብደት ነው፤ ቀላሉ እሱ መስሎኝ ሳይሆን፣ የሚጨበጥ ነገር ስለነበረው። ለስላሳና ጭማቂ ተውኩ፣ ቢራ ለበዓል ብቻ ሆነ፣ ከእራት በኋላ መቆርጠሙ ቀረ። ትራይግሊሰራይድን የሚያንሩት ሁለቱ ትልልቆቹ ስኳርና አልኮል ናቸው፤ ጉበት የተረፈውን ወደ ስብ ለውጦ ወደ ደም ይልከዋል። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ መቀነስ ነበር ዓላማዬ። ከዚያ በላይ ለመፍጠን አልፈለግኩም፤ ክብደት በጣም በፍጥነት ሲወርድ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል።

ወጥ ቤት ውስጥ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ማንኪያ ነው። ዘይት ከጠርሙስ በቀጥታ ወደ መጥበሻ ማንቆርቆር ልማዴ ነበር። አንድ ቀን መጥበሻውን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ እንደወትሮዬ አፈሰስኩ፤ ሚዛኑ 43 ግራም አለ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው። ሽንኩርቱ ገና ሳይገባ 390 ካሎሪ ገደማ መጥበሻው ላይ ተኝቷል ማለት ነው። የሾርባ ማንኪያ 14 ግራም ያህል ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ዘይት በማንኪያ እየተለካ ነው የሚገባው፤ ምግቡ ላይ ያጣሁት ጣዕም ይኖራል ብዬ ብጠብቅም ሽንኩርቱን ክዳን ገጥሞ በዝግታ ማብሰል በቂ ሆኖ ተገኘ።

84 ኪሎ ስደርስ ድጋሚ ተመረመርኩ። ትራይግሊሰራይድ ከ230 ወደ 140 ወርዷል። ኤልዲኤል ግን 161 ነው፣ ኤችዲኤል ጭራሽ ወደ 36 ዝቅ ብሏል። ይህን ያህል ተርቦ ኤልዲኤል ከዚያ በላይ አለመውረዱ ያናድዳል፤ ግን የተለመደ ነገር ነው። ከክብደት ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ መቀነስ በደንብ የሚያወርደው ትራይግሊሰራይድን ነው፤ ኤልዲኤልን በመጠኑ ብቻ ይነካዋል። ኤችዲኤልም ሰው ክብደት እየቀነሰ ባለበት ወቅት ዝቅ ብሎ፣ ክብደቱ ሲረጋ መልሶ የሚነሣ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሳህኑ ነበር።

የጉበት ሴሎች ገጽ ላይ ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ እየያዙ የሚያስገቡ መቀበያዎች አሉ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ግኝት ነው። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ቅቤና ጮማ ላይ የምናየው ረጊ ስብ ሲበዛ የእነዚህ መቀበያዎች ሥራ ይቀንሳል፤ ኤልዲኤሉም ደም ውስጥ ይከርማል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ከምግቡ ኮሌስትሮል ይልቅ የሳቹሬትድ ስቡ መጠን ነው የሚወስነው። እንቁላል ለዘመናት የተወቀሰው በአስኳሉ ኮሌስትሮል ነው፤ አንድ እንቁላል ግን ከ2 ግራም ያነሰ ሳቹሬትድ ስብ ነው ያለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ገደማ አለው። እኔ እንቁላሉን በልክ ይዤ ቅቤውን ተውኩት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ቅቤው ወጥቶ ምን ይግባ? በቦታው ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ከገባ ኤልዲኤሉ ትንሽ ቢወርድም ትራይግሊሰራይዱ ይነሣል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የወይራ ወይም የሱፍ ዘይት፣ ለውዝና ዓሣ ሲገቡ ነው ልዩነቱ የሚታየው። "ከዕፅዋት የተገኘ" የሚለው ቃል ብቻውንም ዋስትና አይደለም። የኮኮናት ዘይት ከመቶ ከ80 እጅ በላይ ሳቹሬትድ ነው፣ ከቅቤም ይብሳል፤ የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ "ኮሌስትሮል የለውም" የተጻፈበት ብስኩት ቤት ነበረኝ፤ ገልብጬ ሳነብ ከዱቄትና ከስኳር ቀጥሎ የተጻፈው የፓልም ዘይት ነው። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ከዕፅዋት የተሠራ ነገር ድሮም ኮሌስትሮል የለውም፤ ማንበብ ያለብን ጀርባው ላይ "ሳቹሬትድ" የሚለውን መስመር ነው። እዚያው ላይ "ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ" የሚል ካገኘሁ ደግሞ ሳልከራከር እመልሰዋለሁ፤ ያ ትራንስ ፋት ነው፣ ኤልዲኤልን ያወጣል፣ ኤችዲኤልንም ያወርዳል።

ከስቡ ቀጥሎ ሁለተኛው ፋይበር ነው፣ አንጀታችን የማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል፤ በተለይ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚዝለገለገው ዓይነት። አጃ ሲፈላ የሚወፍረው በእሱ ነው። ጉበት የሐሞት አሲድን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው፤ ፋይበሩ አንጀት ውስጥ ያንን አሲድ ይዞት ይወጣል፣ ጉበትም ሌላ ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። ከአጃና ከገብስ የሚገኘው ቤታ ግሉካን የተባለው ፋይበር በቀን 3 ግራም ሲደርስ ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው፤ ይህ በግምት 75 ግራም ደረቅ አጃ ነው። ቁርሴ እሱ ሆነ። ምሳ ላይ ባቄላ፣ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ከሰዓት አንድ እፍኝ ለውዝ። ለውዙን ከእጄ ይልቅ በትንሽ ሲኒ ነው የምለካው፤ 30 ግራሙ ከ170 ካሎሪ አያንስም፣ እፍኝ ደግሞ ቀን በቀን እየሰፋ የሚሄድ መለኪያ ነው።

ሆዴ መጀመሪያ አመፀ። ጥራጥሬ ላልለመደ አንጀት አንድ ጊዜ ሲለቀቅበት ይነፋል፤ አብሮ የሚኖር ሰው ካለ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ነው። ባቄላውን አሳድሮ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋትና መጠኑን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነገሩን አበረደው።

ሦስተኛው ማንም ሳይነግረኝ በንባብ ያገኘሁት ነው፤ ቡና። በቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ማጣሪያ ሲያልፍ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ተፈልቶ ወይም በብረት ወንፊት ብቻ ተጣርቶ ሲጠጣ ግን ሲኒው ውስጥ ይገባል። በቀን አንድ ሲኒ ለሚጠጣ ሰው ብዙ አያሳስብ ይሆናል፤ እኔ ግን ስድስት ሰባት ሲኒ የምጠጣ ሰው ነኝ። ቡናዬን አልተውኩም፣ የወረቀት ማጣሪያ ገዛሁ። ከሁሉ ለውጥ ይህን ያህል ቀላል የሆነልኝ የለም።

እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ማድረግ ከተናጠል የተሻለ መሆኑን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል። አጃና ገብስ፣ አኩሪ አተር፣ አልመንድና የዕፅዋት ስቴሮል (ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ደም መግባቱን የሚቀንስ የዕፅዋት ንጥረ ነገር) አንድ ላይ የያዘ ምግብ የተሰጣቸው ሰዎች ኤልዲኤላቸው በወር ውስጥ ከመቶ 29 እጅ ያህል ወረደ፤ ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር የሚቀራረብ ነው። ምግቡ ግን ተዘጋጅቶ ነበር የሚሰጣቸው። ኋላ ላይ ሰዎች በየቤታቸው ራሳቸው እያዘጋጁ በተደረገ ጥናት ውጤቱ ወደ 13 ገደማ ዝቅ ብሏል። ይህን ያነሣሁት የኢንተርኔቱን "በ30 ቀን ግማሹን አወረድኩ" የሚል ወሬ ሰምቶ በራሱ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ስላለ ነው።

የእኔ የመጨረሻው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ክብደት 82፣ ጠቅላላ 202፣ ኤልዲኤል 134፣ ኤችዲኤል 43፣ ትራይግሊሰራይድ 125። ከመመርመሬ በፊት ክብደቴ ቢያንስ ለሁለት ወር ያህል ረግቶ ነበር፣ ላብራቶሪውም ያው የመጀመሪያው ነው። ምግብ በለወጡ በሳምንቱ ሮጦ መመርመር ጥቅም የለውም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ቁጥሩ ያለ ምንም ምክንያትም ከቀን ቀን ትንሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል አምስት ነጥብ ወረደ ብሎ መፈንጠዝ፣ አምስት ነጥብ ወጣ ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ይህ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። የቅርብ ወዳጄ ከእኔ በበለጠ ተጠንቅቆ በልቶ፣ ክብደቱም ድሮውንም ልኩ ሆኖ፣ ኤልዲኤሉ ከ200 በታች አልወርድ አለው። ነገሩ በዘር የሚወረስ ነው፤ መቀበያዎቹ ከልደት ጀምሮ በቂ አይደሉም፣ ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ይህ አለበት። ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ ልቡን የታመመ ሰው ያለበት፣ በአጃ ጊዜ ማባከን የለበትም፤ ሐኪም ጋ ሄዶ ስለ ስታቲን ይነጋገር። እየወሰደ ያለም ሰው ምግብ አስተካከልኩ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ወዳጄ አሁን እየወሰደ ነው፣ እህትና ወንድሞቹንም አስመርምሯል።

እኔም 134 ላይ ሆኜ ያለ መድኃኒት የቀጠልኩት ቁጥሩ ብቻውን ስላስደሰተን አይደለም። ሐኪሙ ዕድሜዬን፣ የደም ግፊቴን፣ ስኳር እንደሌለብኝ፣ እንደማላጨስና የቤተሰቤን ታሪክ አንድ ላይ አይተው ነው ለጊዜው ይበቃል ያሉት። የልብ ሕመም ደርሶበት ለሚያውቅ ሰው የሚፈለገው ቢያንስ ከ70 በታች ስለሆነ፣ ያው 134 በእሱ ወረቀት ላይ ቢወጣ መድኃኒት የሚያስጀምር ቁጥር ነው።