የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት

አምላከ ቅዱስ ገብርኤል የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ እንባ እየቀደመኝ።

ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ማታ ማታ ድራፍት ነበር፤ ኋላ ጧት ጧት አረቄ ሆነ። በመጨረሻ አንድ መለኪያ ሳልቀምስ ክሩ በመርፌው ዓይን አልገባ አለኝ። ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እጨልጣለሁ፤ እጄ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ደንበኛ አስተናግዳለሁ።

በታኅሣሥ 19 ንግሥ ታቦቱ ሲወጣ ከሕዝቡ መካከል ተንበርክኬ ተሳልሁ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣህ፣ እኔንም አውጣኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» አልሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተስዬ አፍርሻለሁ። የዚያን ቀኑ ግን ከአንጀቴ ነበር።

በማግስቱ ሌሊት የሆነውን ዛሬም ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል። ላቤ ፍራሹን አልፎ ወለሉን አራሰው። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት የልክ መለኪያ ሜትር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እባብ ሆኖ ወረደ። ዓይኔን ጨፍኜ አማተብሁ። ስገልጥ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲጠብቅ የማየው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሟል። ራሰ በራ፣ ዝም ብሎ የሚያየኝ። ባለቤቴን «አስወጪው!» እያልሁ ጮኽሁ። እርሷ የምታየው ባዶ ግድግዳ ነው። ልጄ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ታለቅሳለች። «አቤቱ፥ ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ» ለማለት ሞከርሁ፤ ምላሴ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፦ ዓይኔ ተገለበጠ፣ መላ አካሌ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቅሁ።

እናቴ «ጋኔን ነው፣ አሁኑኑ ጸበል ውሰዱት» አለች። በግቢያችን የምትኖር ነርስ በሌሊት ልብሷ ሮጣ መጣች። «እማማ፣ ጸበሉ ነገም አለ። ይህ አረቄው ድንገት ስለቀረበት ነው፤ ካልታከመ ይሞታል» አለቻት። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያደረሰን የባጃጅ ሹፌርም ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ስሙን እንኳ አላውቅም። ሆስፒታል ዲያዚፓምና የቫይታሚን ቢ1 መርፌ ሰጡኝ። ሐኪሙ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ብቻውን ሲያቆም ሊሞት እንደሚችል፣ በሕክምና ክትትል ማቆም እንዳለበት አስረዳኝ። ይህን ሳያውቅ እንደ እኔ ዛሬ ሊሳል ያሰበ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ስለ እመቤታችን፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ።

አልደብቅም፣ አልጋው ላይ ሆኜ ቅዱስ ገብርኤልን ተቆጣሁ። «ከእሳት አውጣኝ ብልህ እሳት ውስጥ ከተትኸኝ» አልሁት። ሥዕሉን ከቤት እንዲያወርዱት አዘዝሁ። ባለቤቴ አላወረደችውም።

ከሆስፒታል ወጥቼ አርባ ቀን ቆየሁና እንደገና ጠጣሁ። እንደገና ታከምሁ። ክረምቱ አለፈ።

መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበው የሚረዳዱበትን ክፍል የነገረችኝ ሲስተር ናት። ታቦር ተራራ ግርጌ፣ ስምንት የላስቲክ ወንበር ያለባት ጠባብ ክፍል። ሁለት ሐሙስ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆመው «ግባ ልጄ፣ ሻይ አለ» አሉኝ። ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ቀድተው ሰጡኝ። ንፉግ መሰሉኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሙሉ ብርጭቆ ሳያፈስ አይዝም።

መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም፣ የአባት ስም አይጠየቅም። ለሻይና ለኪራይ ቆርቆሮ ይዞራል፤ የሌለው ያሳልፈዋል። የሚፈለገው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም በየራሱ ይጸልያል። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን ይህን አካሄድ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች መሆናቸውን ሽማግሌው ነገሩኝ፦ ቢል ዊልሰን የአክሲዮን ደላላ፣ ቦብ ስሚዝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ሐኪሙ በመጠጥ ዘመኑ መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ሊሠራ ሲሄድ እጁ እንዲረጋለት ቢራ ተሰጥቶት ነበር ሲሉኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆምሁት እኔ ብቻ አለመሆኔን አወቅሁና ሳቅሁ። ከስንት ዘመን በኋላ!

የንስሐ አባቴን «በሰው ፊት እንዲህ መናገር ይፈቀዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ ይላል ያዕቆብ፤ ለእኔም ግን መምጣትህን አትተው» ብለው ባረኩኝ።

አካሄዱ ካሉት አሥራ ሁለት እርምጃዎች የከበደኝ የበደሉትን መካስ ነው። የአንድ ሙሽራ የሱፍ ጨርቅ ሸጬ ጠጥቼበት ነበር። ዋጋውን በአምስት ጊዜ ከፈልሁት። የመጨረሻውን ሲቀበለኝ ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፤ ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለኝም። እውነቱን ነው፤ በተውሶ ልብስ ነው ያገባው።

ካቆምሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ያቺ ሥዕል ከስፌት መኪናዬ በላይ ናት። ልጄ ግን አሁንም ማታ ስገባ ጠጋ ብላ አፌን ታሸታለች። እንዲደርስላት ጎንበስ እልላታለሁ።