ከካሳ ክፍል ወደ «ፌድአውት»፦ የሰባት ወር የንባብ ማስታወሻ

ውድ የንባብ ጓደኞቼ፣ ባለፈው ኅዳር የጀመርኩት የንባብ ሥራ እስካሁን ከየት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ሐሳቤ መርማሪው ራሱ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነባቸውን የቆዩ የእንግሊዝኛ የወንጀል ልብ ወለዶች በታተሙበት ቅደም ተከተል ማንበብ ነበር። በሰባት ወር ስምንት መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ገና በአራተኛው ላይ አፍርሼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስታወሻዬን የምይዘው በአማርኛ ስለሆነ የመጀመሪያው ችግር የቃል ነበር። በብዛት የምንሰማው ቃል ፍርዱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል። ስለ መርማሪ ለመጻፍ ይህ የማያመች አጀማመር ስለሆነ፣ «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚለውን ረዥም አጠራር መርጬ ገጾቼ በእርሱ ቢጨናነቁም ታገሥሁ።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ለመረዳት ከእነርሱ በፊት የነበረውን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳሺል ሃሜት በ1930 ባሳተመው «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ውስጥ ጆኤል ካይሮ፣ ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ባወጣው «ዘ ቢግ ስሊፕ» ውስጥ ደግሞ የመጽሐፍ ነጋዴው ጋይገር እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም አንዱ ተጠርጣሪ፣ ሌላው ሟች ሆኖ ይመጣል እንጂ የሚመረምረው ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1885 እስከ 1967 ድረስ በወንዶች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ያሳስር ስለነበር፣ «ምስጢርህን አወጣለሁ» እያለ ገንዘብ የሚበዘብዝ ሰው ሕጉ ራሱ መሣሪያ ሆኖለት ነበር። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህ የተዘጋጀ የግድያ ምክንያት ነው፤ ምስጢሩ ሲወጣ ታሪኩም ይፈታል።

ያነበብኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህን ሕግ ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ ነው። «ዘ ሃርት ኢን ኤግዛይል»፣ ማለትም «ልብ በስደት»፣ በ1953 ለንደን ውስጥ ሮድኒ ጋርላንድ በሚል ስም ታተመ፤ ከስሙ በስተጀርባ የነበረው ግን ከሃንጋሪ የመጣው አዳም ደ ሄጌዱስ ነው። ተራኪው የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ የሟቹ እጮኛ መጥታ አሟሟቱን እንዲያጣራላት ትለምነዋለች፤ ሟቹ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ በአንድ ወቅት ይወደው የነበረ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሞኝነት ሠራሁ። በልማዴ ገዳዩን ፍለጋ እያንዳንዱን እንግዳ ሰው በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ ግማሹን መጽሐፍ ከተጓዝኩ በኋላ ነው የመጽሐፉ ጥያቄ «ማን ገደለው?» ሳይሆን «ሰውየው ወደዚህ መጨረሻ ምን አደረሰው?» መሆኑ የገባኝ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት።

ሁለተኛውን በአጭሩ ልለፈው። የሉ ራንድ «ዘ ጌይ ዲቴክቲቭ» (1961) የሚቀልድ መጽሐፍ ሆኖ ቀልዱ ብዙ ጊዜ በራሱ በመርማሪው ላይ ይወድቃል፤ ይልቅ የገረመኝ ጸሐፊው በሙያው ወጥ ቤት መሆኑና በ1965 የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ማሳተሙ ነው። ሦስተኛው የጆርጅ ባክስት «ኤ ኩዊር ካይንድ ኦፍ ዴዝ» (1966) ነው። ፌሮ ላቭ የሚባለው መርማሪ ጥቁር አሜሪካዊ የኒው ዮርክ ፖሊስ ሲሆን የሚያገኘውን ሰው ሁሉ «ድመት» እያለ ይጠራል። ቋንቋው ፈጣንና ስላቅ የሞላበት ስለሆነ አንዳንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። ደፋር መጽሐፍ ነው፤ መርማሪውን ግን ከሩቅ አየሁት እንጂ አላወቅሁትም።

ከዚያ ጆሴፍ ሃንሰን ዘንድ ደረስኩ፤ ስሕተቴም እዚያ ላይ ነው። ሃንሰን (1923–2004) ዴቭ ብራንድስቴተር ስለሚባል የሎስ አንጀለስ መርማሪ ከ1970 እስከ 1991 ድረስ 12 ልብ ወለዶች ጽፏል። ከአሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ያገኘሁት «ስኪንፍሊክ»ን ብቻ ስለነበረ ትዕግሥት አጥቼ ጀመርኩት። አምስተኛው ነው፤ በ1979 የወጣ። የመርማሪው አባት ሞቷል፣ ዴቭም ከአባቱ ኩባንያ ወጥቶ በራሱ መሥራት ጀምሯል፤ በአራቱ መጻሕፍት ቀስ በቀስ ሊደርስብኝ የሚገባውን ሐዘን በአንድ ገጽ ተረዳሁት። በዚህ ተከታታይ ውስጥ ሰዎች እንደ እኛ ያረጃሉና እባካችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

የመጀመሪያው «ፌድአውት» ነው፤ ድምፅ ወይም ሥዕል ቀስ እያለ ሲጠፋ በሬዲዮና በፊልም ሥራ የሚጠራበት ቃል ነው። ፎክስ ኦልሰን የሚባል የሬዲዮ ዘፋኝ መኪና ፒማ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ካለ ሸለቆ ውስጥ ወድቆ ይገኛል፤ አስከሬን ግን የለም። ቤተሰቡ የሕይወት መድን ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ዴቭም የመድን ኩባንያው አጣሪ ሆኖ ይመጣል።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መድን ድርጅት ካሳ ክፍል ለአራት ዓመት ሠርቻለሁና ይህን መጽሐፍ እንደ ሌሎቹ ላነበው አልቻልኩም። እኛ ዘንድ የሚበዛው የተሽከርካሪ ጉዳት ስለሆነ ሥራዬ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትን፣ የጋራዥ ዋጋንና የባለ ንብረቱን ቃል ማመሳከር ነበር። የካሳ ሠራተኛ ማንንም አያስርም፤ የሚጠይቀው «ወረቀቱ ላይ ያለው በቦታው ካለው ጋር ይገጥማል ወይ?» ብሎ ብቻ ነው። ዴቭም እንዲሁ ነው። ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይጠጣል፣ ያዘነ ቤተሰብ የሚነግረውን ያዳምጣል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አይቶ ያልተነገረውን ይጠይቃል።

ሃንሰን ይህን ሙያ የመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። መጽሐፉ በ1970 ሲወጣ ዴቭ የሚኖርበት ኑሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ወንጀል ነበር፤ ሕጉ በ1975 ተሽሮ ለውጡ በሥራ ላይ የዋለው በ1976 መጀመሪያ ነው። ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ሊይዘው ከሚችለው ሕግ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ ነበር። የመድን አጣሪ ግን በየቤቱ ሊገባ ይችላል፣ ተጠሪነቱም ለኩባንያው ብቻ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ የአባቱ ነው፤ አባትየውም ዘጠኝ ጊዜ ያገባ ሰው ስለሆነ በልጁ ኑሮ ላይ ለመፍረድ የሚያበቃው ወንበር የለውም።

ከሁሉ በላይ የነካኝ የዴቭ ፍቅር ምስጢር ሆኖ አለመቅረቡ ነው። ታሪኩ ሲጀምር ዴቭ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የኖረውን ሮድን በካንሰር አጥቶ ሐዘን ላይ ነው። ደራሲው ይህን የሚነግረን የትዳር ጓደኛው ስለሞተበት ማንኛውም ሰው በሚነገርበት ድምፅ ነው፤ ማብራሪያም ይቅርታም የለበትም። ቀድሞ የታሪኩ መፍቻ የነበረው ነገር አሁን የመርማሪው ዓይን ሆነ፦ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ፈርቶ እንዴት እንደሚኖር ስለሚያውቅ፣ ሌላው ሰው በኦልሰን ቤት ያላየውን እርሱ ያያል። ሃንሰን ራሱ በ1960ዎቹ ጄምስ ኮልተን በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ነበር፤ ይህን ግን በገዛ ስሙ አሳተመው።

ከዚያ ወዲህ «ዴዝ ክሌይምስ» (1973)፣ «ትረብልሜከር» (1975) እና በ1978 የወጣውን አራተኛውን ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ውስጥ የሰመጠው መጽሐፍ ሻጭ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የካሳ ክፍል ሽታ አለው፤ ጠቡ በመድን ተጠቃሚው ስም ላይ ነው። ሦስተኛው ትንሽ አሰልችቶኛል። በአራተኛው ሲሲል ሃሪስ የሚባል ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ይመጣና የዴቭ ቤት እንደገና ሰው የሚኖርበት ይመስላል።

ስለ አነባበቤም ልናገር። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ውድቀት በኋላ ደብተሬን በሁለት ዓምድ ከፈልሁት፦ በቀኝ የታየውን ነገር፣ በግራ ሰዎች የተናገሩትን። እንዲህም ሆኖ ገዳዩን አስቀድሜ ያወቅሁት ከስምንቱ በሁለቱ ብቻ ነው፤ አንዱንም በዕድል።

አሁን በእጄ ያለው «ኧርሊ ግሬቭስ» (1987) ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በመካከል ያሉት ሦስቱ ስለሌሉት ቅደም ተከተሉን ዳግመኛ አፍርሻለሁ። ዘመኑ ኤድስ የደረሰበት ዘመን ነው፤ ዴቭ አርጅቷል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስም ደጁ ላይ የሞተ ሰው ያገኛል። በቀኙ ዓምድ ይህችን አንዲት መስመር ጽፌያለሁ፤ ግራው ገና ባዶ ነው።