ሦስት ጣሳ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውዬ ስመለስ ጠላ ቤት ጎራ አልሁ። «እማማ፣ የትኛው ይሻላል?» ብላቸው ሦስት ጣሳ ደረደሩልኝ። የገብሱ ለስላሳ ነው። የዳጉሳው ጠቆር ያለ፣ ጌሾው ምላስ ላይ የሚቆይ። ጥሜን የቆረጠልኝ ግን የናቅሁት ቅራሪ ሆነ፤ ያው ድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው።

በሦስቱም ውስጥ አንድ ያልለየሁት ጣዕም ነበረ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ጥግ የቆመውን ባዶ ጋን አዘንብለው «አሽትተው፣ ልጄ» አሉኝ። የወይራ ጭስ! አፍንጫዬን ጋኑ አፍ ላይ ደፍቼ ስቆይ ጠጪዎቹ ሳቁብኝ፤ ይሳቁ። ከጓደኞቼ ጋር ቢራ ስናወዳድር ስለ ስሙና ስለ ዋጋው እንከራከራለን እንጂ የተጠነሰሰበትን ዕቃ ጠይቄ አላውቅም።

ሒሳብ ስከፍል ቅራሪውን አልቆጠሩብኝም።