የቆሎ ተማሪዋ
ዛሬ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብለን የእህቴን ልጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስጠናት ዋልኩ። (አስጠናኋት ይባል እንደሆነ እንጃ፣ እኔም አብሬ ነው የተማርኩት።) ነገ ፈተና አለባት። የሼክስፒር ሶኔት። በ1609 እ.ኤ.አ. የታተሙ 154 ግጥሞች ናቸው፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም 14 መስመር።

ልጅት የመስመሩን ቀለም (ሲላብል) የምትቆጥረው ቆሎ እየደረደረች ነው። ለአንድ ቀለም አንድ ፍሬ። አሥር መሙላት አለበት። አንዱ መስመር ዘጠኝ ሆኖባት ግራ ገባት። ደግማ ቆጠረች፣ አሁንም ዘጠኝ። ለካስ አንዷን ፍሬ በልታታለች!

አባባ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩና በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ለመሆኑ ወርቁ የቱ ጋ ነው?» አሏት።

«መጨረሻ ላይ ነው አባባ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ቤት ይመታሉ፣ ብዙ ጊዜ ሐሳቡም እዚያ ይቋጫል።»

«ታዲያ አሥራ ሁለቱን መስመር ምን አደከመው? ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔያችን እኮ በሁለት ያልቃል።»

«ይሄን ፈተናው ላይ ልጻፈው?» አለችኝ። ተይ አልኳት። እስካሁን እየቆጨኝ ነው።