ጃንጥላ ላይ ተንጠልጥዬ ጃንጥላ ተሳልኩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለጻድቃኔ ማርያም የተሳልኩትን አስገብቻለሁ፤ መመስከሩ ግን ቀርቶብኝ ነበር። አባ «ስለትሽን እንዳስገባሽ ምስክርነትሽንም አስገቢ» ብለውኝ እሺ ካልኩ ከራርሟል። ያዘገየኝ ሐፍረት ነው። ይህ ምስክርነት ውስጡ ውሸት አለበት፤ የዋሸሁትም እኔው ነኝ።

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ዱባይ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት አልፎኛል። አብራኝ የምትኖር የመሐል ሜዳ ልጅ አለች። እሷና እኔ ከደመወዛችን እየቆጠብን ከአውሮፕላን በጃንጥላ ለመዝለል ተመዘገብን። ለምን እንደሆነ እናቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፤ መልስ የለኝም። የሌሎች ሰዎችን ፎቶ አይተን ነው። ከታች ባሕሩ፣ ባሕሩ ላይ ያ በዘንባባ ቅርጽ የተሠራው ደሴት፣ ከላይ ደግሞ ሳቅ በሳቅ የሆነ ፊት። በቃ ይኸው ነው።

የመዝለያው ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጉንፋን ያዘኝ። በረሃ ላይ ጉንፋን ሲባል ሊገርማችሁ ይችላል፤ ሆቴሉ ውስጥ ኤሲው ሌት ተቀን ስለሚነፍስ ደብረ ብርሃን ያላየሁትን ብርድ ያየሁት እዚያ ነው። አፍንጫዬ ድፍን፣ ግንባሬ ከብዶኛል። ማታ ሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ቆሜ «እመቤቴ ሆይ፣ እስከ ነገ አፍንጫዬን ክፈቺልኝ» አልኩ። ጠዋት የአፍንጫ ጠብታ አደረግሁና ተከፈተ። ለጓደኛዬ «ጸሎቴ ተሰማ!» አልኳት። የምንሞላው ቅጽ ላይ ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም አለብሽ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። የለብኝም ብዬ ፈረምኩ። ቀኑን ማዛወር ይቻል እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ገንዘቤ እንዳይቃጠል ነው የፈራሁት። የጠብታውን ሥራ ለእመቤታችን ሰጥቼ፣ በስሟ ውሸቴን አጸናሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት የኛ አገር ሰው ሐኪም አያስፈልገውም። ደብረ ብርሃን ላይ ጠጥታችሁ የጨረሳችሁትን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ሮቢት ስትደርሱ እዩት፤ ማንም ሳይነካው ጎኑ ተጨማዷል። ደጋ ላይ ሲዘጋ የያዘው ስስ አየር ነው፤ ቆላ ሲወርድ የውጭው አየር ከብዶ ይጫነዋል። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለችውም ክፍል እንደዚያው ናት። ወደ አፍንጫ ጀርባ የምትወርድ ቀጭን ቧንቧ አለቻት፤ ስንውጥና ስናዛጋ ተከፍታ አየር ታስገባለች። ጉንፋን ሲይዘን ቧንቧዋ ታብጥና ትዘጋለች፤ ክዳኑ የጠበቀ ሃይላንድ እንሆናለን። ጠብታውም አፍንጫን ይከፍታል እንጂ እስከዚያች ቧንቧ ድረስ ስለመሥራቱ ዋስትና የለውም።

ተንኮሉ ደግሞ ሲወጡ አለመታወቁ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የውስጡ አየር ሰፍቶ በራሱ እየገፋ ያመልጣል። አውሮፕላኑ ሲወጣ ጆሮዬ ጧ፣ ጧ እያለ ስለተከፈተ ጭራሽ ተደሰትኩ፤ «አየሽ አይደል?» ብዬ ጓደኛዬን በክርኔ ነካኋት። መከራው ያለው መውረዱ ላይ ነው። ስንወርድ አየሩ ተመልሶ መግባት አለበት፤ ያበጠችው ቧንቧ ደግሞ በተሳበች ቁጥር ይበልጥ ትጣበቃለች።

ከጣርማ በር እስከ ሮቢት 2,000 ሜትር የማይሞላውን ቁልቁለት በመኪና ስንወርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብናል፤ ጆሮ መቶ ጊዜ ለመዋጥ ጊዜ አለው። እኔ የዘለልኩት 4,000 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ማለትም ከመንዝ ጓሳ ተራራ በላይ። ጃንጥላው እስኪከፈት 2,500 ሜትር ያህል የወረድኩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። በአማካይ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

የዘለልኩት ብቻዬን አልነበረም። ጀማሪ ከአሠልጣኙ ጋር በአንድ ትጥቅ ታስሮ፣ እንደታዘለ ሕፃን፣ ግን ከፊት ሆኖ ነው የሚዘልለው። በሩ ላይ ቁጭ እንዳልን ያየሁትን ሰማይ አስታውሳለሁ። ከዚያ ነፋሱ ሁሉን ነገር ዋጠው። ጥቂት ሰከንድ እንደወረድን ግራ ጆሮዬ ውስጥ ወስፌ የተሰካብኝ መሰለኝ፤ ወስፌው አይወጣም፣ እየጠለቀ ይሄዳል። ግንባሬም ከቅንድቤ በላይ ሊሰነጠቅ ደረሰ። ጮህኩ፤ የራሴን ጩኸት አልሰማሁም። አሠልጣኙ ደስ ብሏት ነው የምትጮኸው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ጃንጥላው ተከፍቶ ወደ ላይ ሲያንጠለጥለን ነፋሱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ጨር ብሎ ተቀደደ። ሞቅ ያለ ፈሳሽ በአንገቴ ወረደ። ሕመሙ ወዲያው ቀለል አለኝ፤ ተገላገልኩ ስል ዓለም መዞር ጀመረ። ራስ ምታት የሚያመጣው ዓይነት ማዞር አይደለም። ሰማዩ ከእግሬ በታች፣ ባሕሩ ከራሴ በላይ ሆነ፤ ዓይኔን ብጨፍንም አይቆምም። አሠልጣኙ እጀታዎቹን ያዢ ብሎ ሰጠኝ፤ ፎቶው ላይ የሚያምረው ያ ክፍል ነው። እጄ ግን የት እንዳለ አላውቅም። አስመለሰኝ። ይቅርታ፣ በሰውዬው እጅጌ ላይ ነው ያስመለሰኝ። ያኔ ገባው፤ እጀታዎቹን መልሶ ወሰደ።

«ጻድቃኔ ማርያም! መሬት አስረግጪኝና ጃንጥላ አስገባልሻለሁ!» አልኩ።

ለምን ሻማ ወይም ጧፍ እንዳልተሳልኩ አላውቅም። ከራሴ በላይ የማየው እሱን ስለነበር ይሆናል። እናቴ ይህን ስነግራት ማልቀሷን አቁማ ሳቀች። ብቻዬን ብዘልል ኖሮ መሬት በየት በኩል እንዳለ ሳላውቅ ነበር የምወርደው። ያ ስሙን እንኳ በቅጡ ያልያዝኩት ሰው እግሬን በትጥቁ ማንጠልጠያ ወደ ላይ ስቦ፣ እሱ ከታች ሆኖ፣ በቂጣችን እየተንሸራተትን አሸዋው ላይ አሳረፈኝ። መነሳት አቅቶኝ አሸዋውን ይዤ ተኛሁ። ጓደኛዬ ፊቴን አይታ ፎቶ ማንሳቷን ተወች።

ሐኪሙ ጆሮዬን አይቶ ታምቡሩ ተቀዷል፣ ግንባርሽ ውስጥ ባለው ክፍተትም ደም አለ አለኝ። ጉንፋን እያለብሽ ነው የዘለልሽው ሲለኝ ዝም አልኩ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት በራሱ ይገጥማል፣ ካልገጠመ በቀዶ ጥገና ይለጠፋል፤ እስከዚያ ጆሮሽ ውኃ እንዳይነካው፣ በኃይል አትናፈጪ፣ ስታስነጥሺ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ጆሮ እንዲከፈት ብሎ አፍንጫን ይዞ በኃይል መንፋትማ ጉንፋን ላለበት ሰው ንፍጡን ወደ ጆሮ ሊገፋ እንደሚችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ ብዬ እንኳ ስናፈጥ በግራ ጆሮዬ ፊሽ የሚል አየር ይወጣ ነበር። ሰው ያናገረኝ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይመስለኛል። ሥራዬ እንግዳ ማናገር ነው፤ ቀኝ ጆሮዬን እያዞርኩ «እንዴት አሉኝ?» ማለት ሆነ ውሎዬ። ሌሊት ሌሊት የምለምነው ስለ ጆሮዬ አልነበረም። ባፍርም፣ ስለ ፊርማዬ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ ወደ አገሬ መጣሁ። በረራውን ፈርቼው ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚጠበቀው ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ልክ ነው፤ ቦሌ ደግሞ ራሱ 2,300 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሲያርፉ ጆሮ ወረድኩ ብሎ ብዙም አያውቅም። ከፍታችንን ያኔ ነው ያመሰገንኩት።

እናቴ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ወጥታ ጠበቀችኝ። በነጋታው ጃንጥላውን ይዘን በሰላ ድንጋይ በኩል ጻድቃኔ ሄድን። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ነው፤ መኪና ውስጥ አልገባ ብሎ ስንት ሰው ዓይን ልናጠፋ ነበር። ስለቴ መሬት ለመርገጥ ነበር፤ መሬት ከረገጥኩ ቆይቻለሁ፤ ዕዳ ነውና ጆሮዬ ዳነም አልዳነም አስገባሁ። የተጣላነው ጠበሉ ላይ ነው። እናቴ ካልተጠመቀች አለች። እኔ ሐኪሙ ውኃ ከልክሎኛል አልኩ። «ጠበል ውኃ ነው እንዴ?» አለችኝ። አባ ሁለታችንንም ሰምተው ዝም አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«ሐኪሙ ጆሮሽን ነው ወይስ አፍሽን የከለከለሽ?» አሉኝ።

«ጆሮዬን ነው አባ።»

«እንግዲያው ጠጪያ!»

ጠጣሁ። ስለ ፊርማው ግን እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ከአባ ጋር የተነጋገርነው ከእሳቸው ጋር ይቅር።

በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ ሮቢት ተሳፈርን። እናቴ በግራዬ ተቀምጣለች። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን እንደጀመርን ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ። ልቤ ወደቀ፤ ያ ወስፌ ሊመለስ ነው ብዬ የወንበሩን ብረት ጨመቅሁ። «ሾፌር፣ ቀስ በል!» ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የተቀደደ ጆሮ እኮ አይደፈንም። ቀዳዳ ያለው ሃይላንድ አይጨማደድም። የተደፈነው ስለገጠመ ነው!

ሐኪሙ በራሱ ይገጥማል ብሎሽ የለም ወይ፣ ተአምሩ ምኑ ላይ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ብሎኛል። አልከራከርም። ዱባይ ስመለስ በመብራት አይቶ ገጥሟል ያለኝም እሱው ነው። እኔ ግን ከእሱ በፊት ጣርማ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ጆሮዬ ተደፈነብኝ እያለ ሲያዛጋ፣ ተደፈነልኝ ብዬ እንባዬ ወረደ።

ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ ተሯሩጠው መስኮቱን ከበቡት። ሁለት ስኒ ገዛሁና እያከታተልኩ ማኘክና መዋጥ ጀመርኩ። አርማኒያ አካባቢ ጧ አለ። የሞተሩ ድምፅ፣ የረዳቱ ፉጨት፣ ከኋላ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሁሉም በግራ በኩል ባንዴ ገባ። እናቴም ለካ ስታወራኝ ነበር የመጣችው።

«እማዬ፣ ምን እያልሽኝ ነበር?»

«ቆሎውን ብቻሽን አትጨርሺው ነው ያልኩሽ፤ ከደብረ ሲና ጀምሮ!»