ሁሉም የሚፈልገውን ልጅ ለማየት ወደ ሃቺንሰን

ከኦሮራ ኮሎራዶ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ለሚነዳ ሰው አይ-70 ልፋት የለውም፤ መሪ ይዞ መቀመጥ ነው። ሊመንን፣ በርሊንግተንን፣ ከዚያ የካንሳስን ድንበር አለፍን። ጉድላንድ ላይ የቫን ጎህ የሱፍ አበባ ሥዕል በግዙፍ ማቆሚያ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ይታያል፤ ከእሱ አለፍ ሲሉ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ሳላይና ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ በማክፈርሰን በኩል አድርገን ሃቺንሰን ስንገባ መሽቶ ነበር። የመጋቢት ንፋስ የመኪና በር አላስከፍት ብሎናል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ደግሞ ባለቤቴ ቆሎና የጾም ዳቦ ባትቋጥርልን ኖሮ በዚያ በሥጋ አገር ምን እንበላ እንደነበር እንጃ።

የሄድነው ቅርጫት ኳስ ለማየት ነው፤ በተለይ ደግሞ አንድ ልጅ ለማየት። ስሙን እዚህ አላነሳም። ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ያለ ወጣት ነው፣ ስለ እሱ የሚያወራው ሰውም ከበቂ በላይ ነው። የሚጫወተው ለአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ አሜሪካኖች በአጭሩ ጁኮ ለሚሉት፣ ነው። ሁለተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ስለሆነ በመጪው መስከረም ወደ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል፤ ወዴት እንደሆነ ግን ያኔ ገና አልወሰነም ነበር። ቁመተ ረጅም ሆኖ እንደ አጭር ኳስ የሚያንጥር፣ ከሩቅም የሚያገባ ተጫዋች በየዓመቱ አይገኝም። ስለዚህ አሰልጣኙም ደጋፊውም ዓይኑን ጥሎበታል።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ደጋፊ ነው። እኔ የዊችታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ዊችታ እኖር በነበረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማንም ያልገመተው ቡድናችን በዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ሆነ (ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በግማሽ ፍጻሜው በሉዊቪል 72 ለ 68 ተሸነፍን፤ በዚያ ምሽት 24 ነጥብ ያስቆጠረልን ክሊንቶኒ ኧርሊ ከኒውዮርክ ሰሊቫን ካውንቲ ኮሌጅ የመጣ የጁኮ ልጅ ነበር። የጨረሰበት ኮሌጅ በሁለት ዓመት ኮሌጆች መካከል እንኳ በሦስተኛውና በመጨረሻው ዲቪዚዮን የሚጫወት ነው። በዓመቱ አንድም ጨዋታ ሳንሸነፍ ከቆየን በኋላ ኬንታኪ 78 ለ 76 ሲያወጣን 31 ነጥብ ያገባውም እሱ ነው። ያንን ያየ ሰው ስለ ጁኮ ተጫዋች «ትርፍራፊ ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይሰማም። እኔ አልሰማም።

ሃቺንሰን የጨው ከተማ ናት። ከሥሯ 650 ጫማ ጥልቀት ላይ የጨው ማዕድን አለ፤ ጎብኚም ይወርዳል። ኮስሞስፊር በተባለው ሙዚየሟ ደግሞ የአፖሎ 13 ጠፈርተኞች ወደ ምድር የተመለሱበት መንኮራኩር ተቀምጧል። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ገብተን አይተነዋል፤ መታየት ያለበት ነው። በመጋቢት ግን ከተማዋ ሌላ ነገር አታወራም። የሁለት ዓመት ኮሌጆች የወንዶች ብሔራዊ ውድድር ከ1949 ጀምሮ የሚካሄደው እዚህ ነው። የሚያስተናግደው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሆነው የአሜሪካን ሊጅን የከተማው ቅርንጫፍ ነው፤ በር ላይ ትኬት የሚቀበሉት፣ መቀመጫ የሚያሳዩት ሰዎች ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሁሉን የሚያውቁ ናቸው። ሃያ አራት ቡድን ይመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ጨዋታ አለ፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤቱ ነው።

በ1952 የተሠራው አዳራሽ ታድሷል፤ ያም ሆኖ ሜዳው ለተመልካች ቅርብ ነው። ከፊት ረድፎች የተቀመጠ ሰው አሰልጣኙ ለተጫዋቹ የሚለውን ይሰማል፤ የጫማው ጩኸትማ አይነሳ። በአንድ በኩል የዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኞች የየቡድናቸውን ምልክት ደረታቸው ላይ አድርገው በተርታ ተቀምጠዋል። ልጁ ሲሟሟቅ ሁሉም ስልካቸውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «አየሃቸው? ዛሬ የመጡት ለአንድ ሰው ነው» አለኝ።

ከኋላችን የተቀመጡ ደጋፊዎች ክርክር የጀመሩት ጨዋታው ሳይጀመር ነው። አንደኛው የልጁን ቪዲዮ ሁሉ አይቷል፤ «ይሄ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቋሚ ተሰላፊ ይሆናል» ይላል። አጠገቡ ያለችው ሴት «የተጫወተው ከእነማን ጋር ነው? ትልቅ ሊግ ሲገባ መከላከል አይችልም» ትላለች። ሦስተኛው ሰው ወደ ታሪክ ሄደ። ቦብ ማካዱ ቪንሴንስ ከተባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጋር በ1970 እዚህ ዋንጫ ወስዶ ወደ ኖርዝ ካሮላይና እንደሄደ፣ ላሪ ጆንሰን ከኦዴሳ ኮሌጅ ወጥቶ በ1990 የላስ ቬጋሱን ዩኒቨርሲቲ ዩኤንኤልቪን ሻምፒዮን እንዳደረገ፣ በ1991ም በኤንቢኤ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ቁጥር አንድ እንደነበረ ይዘረዝራል። ጓደኛዬ ይኼኔ አላስቻለውም። ዞር ብሎ «ሚች ሪችመንድንስ የት አደረጋችሁት? ከሞበርሊ ኮሌጅ ወደ ካንሳስ ስቴት መጥቶ እኮ ነው በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው» አላቸው። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን፤ ቆሎውም ወደ ኋላ ረድፍ ተሻገረ።

በግራዬ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን በክርክሩ አልገቡም። የሃቺንሰን ሰው ናቸው፤ የከተማቸው ኮሌጅ ብሉ ድራገንስ በ1988፣ በ1994 እና በ2017 ዋንጫ ሲወስድ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንደነበሩ ነገሩኝ። ጉልበታቸው ላይ የተማሪ ደብተር ዘርግተው በእርሳስ ይጽፋሉ። ነጥብ የሚመዘግቡ መስሎኝ ነበር። ሰረቅ አድርጌ ሳየው የነጥብ ነገር የለበትም። በአንድ በኩል ልጁ ኳስ ያስነጠቀበት ደቂቃ፣ በሌላው በኩል ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ ወደ ላይ ያየ ቀስት፣ ወደ ታች ያየ ቀስት።

«ይቅርታ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ከተሳሳተ በኋላ ሮጦ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወደ ላይ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ለዳኛ ካመለከተ ወደ ታች» አሉኝ። «ማግባቱን ሁሉም ያየዋል።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ያየሁት በእሳቸው ዓይን ነው። ልጁ በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ተነጠቀ፤ ተከላካዩ ብቻውን ሊያገባ ሲነጉድ ልጁ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደረሰበት፣ ኳሱን ሰሌዳው ላይ መትቶ አስቀረበት። አዳራሹ ጮኸ። ረዳት አሰልጣኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ሽማግሌው አንዲት ቀስት ወደ ላይ ሠሩና እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። በአራተኛ ፋውሉ ሲቀየር ደግሞ ፎጣ አልወረወረም፣ ከወንበሩ ጫፍም አልተቀመጠም፤ በእሱ ቦታ የገባውን ልጅ ጠርቶ ማን ግራኝ እንደሆነ በእጁ ያሳየዋል። ይህን ማንም ቪዲዮ አድርጎ አይለጥፈውም። ለእኔ ግን ከአገባቸው ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ደጋፊዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ደግሞ ሁሌም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አንድ ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ይማር፣ ይደግ፣ ጊዜ ስጡት» ይባላል። የጁኮ ልጅ ግን ጊዜ የለውም። ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ይመጣል፣ በሰኔ ይደርሳል፣ በኅዳር ውድድር ይጀመራል። አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ስልት፣ አዲስ ከተማ፣ ሁሉንም በአንድ ክረምት። በታኅሣሥ ካልበራ «አልሆነም» ተብሎ ሌላ ይፈለጋል። ይህን የሚለው ደጋፊ ያው ባለፈው መጋቢት «እሱን ካመጣን አለቀ» ሲል የነበረው ነው።

በዚያ ላይ ትምህርቱ አለ። የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ ደንብ ከጁኮ ወደ ዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ የሚሻገር ተጫዋች በሚቆጠሩለት ኮርሶች ቢያንስ 2.5 አማካይ ውጤት ማምጣት አለበት፤ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምርም ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶውን መጨረስ ይጠበቅበታል። ጄ ክራውደርን ያየ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ የገባበት የጆርጂያ ኮሌጅ ትምህርቱ ለትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንደማይቆጠርለት ሲያውቅ ቴክሳስ ወደሚገኘው ሃዋርድ ኮሌጅ ሄዶ ተደራራቢ ኮርስ ወሰደ። በ2010 ከሃዋርድ ጋር እዚሁ ሃቺንሰን ዋንጫ በላ፣ ወደ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፣ በ2012 ቢግ ኢስት የተባለው ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሰው የሚያስታውሰው ዋንጫውን ነው። እኔ የማስበው ደራርቦ የወሰዳቸውን ኮርሶች ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካ ከመጣን ከብዙዎቻችን ጀርባ አንድ የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። ክፍያው ስለሚቀል፣ ቀን እየሠራን ማታ ስለምንማር፣ እንግሊዝኛችንም እስኪፍታታ። እኔም ከዚያ ነው የተነሳሁት። ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ሳመለክት ትራንስክሪፕቴን ይዤ «ይሄ ይቆጠራል? ይሄስ?» እያልኩ አማካሪ ቢሮ በር ላይ የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። ጓደኛዬም እንደዚያው ነው። በእረፍት ሰዓት ይህን ስናወራ ሽማግሌው ሰምተው ኖሮ «ታዲያ እናንተም የጁኮ ልጆች ናችሁ» አሉን። ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀና እጃቸውን ጨበጣቸው።

ዛሬ ደግሞ መንገዱ ጠቧል። ከ2018 ወዲህ የዝውውር ፖርታል የሚሉት፣ ተጫዋች መዛወር እንደሚፈልግ የሚመዘገብበት፣ አለ፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወር ቀሏል። ከ2021 ሐምሌ ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ያገኛሉ። አሰልጣኝ በትልቅ ሊግ የተፈተነ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ በፖርታል ካገኘ የጁኮ ልጅ ለማየት ለምን ካንሳስ ድረስ ይነዳል? ከኋላችን ተቀምጠው ከነበሩት ደጋፊዎች አንዱ በግልጽ «ገንዘባችንን ፖርታል ላይ ብናውል ይሻላል» ብሏል። በሌላ በኩል በ2024 ታኅሣሥ ቴነሲ ውስጥ አንድ የፌደራል ዳኛ የቫንደርቢልቱ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ዲዬጎ ፓቪያ በጁኮ የተጫወተበት ጊዜ ከተፈቀደለት የመጫወቻ ዘመን ሳይቀነስበት አንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲጫወት ፈቀዱለት፤ ኤንሲኤኤም በእሱ ሁኔታ ላሉ ሌሎች ለአንድ ዓመት በሩን ከፈተ። ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ከጸና የጁኮ ልጅ ሁለት ዓመት ብቻ የቀረው ሸቀጥ መሆኑ ያበቃል። እኔ እንዲጸና እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት በትንሽ ከተማ፣ በአውቶቡስ እየተንገላታ የተጫወተ ልጅ ዕድሜው ተቆርጦ ሊቆጠርበት አይገባም።

ስንመለስ ከሳላይና እስከ ሃይስ ድረስ ተከራከርን። ጓደኛዬ «እኛ ጋ ቢመጣ በትልቁ ሊግ ይታያል፣ ኤንቢኤ ይገባል» ይላል። እኔ «እኛ ጋ ቢመጣ ሠላሳ ደቂቃ ይጫወታል፤ እናንተ ጋ ሁለት ኳስ ከሳተ ወንበር ላይ ነው» እላለሁ። እሱ ሪችመንድ ሲል እኔ ኧርሊ። በመጨረሻ ኮልቢ ላይ ነዳጅ ስንቀዳ አንድ ነገር ላይ ተስማማን፤ ልጁን የሚወስደው አሰልጣኝ እስከ ጥር ድረስ ስህተቱን ሊታገሥለት ቃል የሚገባ መሆን አለበት። ቃል የማይገባ ከሆነ የእኔም ይሁን የእሱ ቡድን ይቅርበት።

ውሳኔው የተሰማው ከፋሲካ በኋላ ነው። የመረጠው የእኔንም የጓደኛዬንም ቡድን አይደለም፣ ከካንሳስ ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጓደኛዬ ዜናውን ሊነግረኝ ሲደውል መጀመሪያ ያለኝ «ክሬዲቱን ሁሉ ተቀብለውለታል» ነው። የምድብ ጨዋታቸው ዊችታ ላይ ይሁን አይሁን ገና አላየሁም። ከሆነ ግን ትኬቱን እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ ለእሳቸውም ለሃቺንሰኑ ሽማግሌ ጭምር።